የጾም ቤቱ ወጥ ስለ ምን ቀጠነ?

በአዲስ አበባ ከመርካቶው እህል በረንዳ ብዙ ሳይርቅ አንድ የጾም ምግብ ቤት አለ። የበሩ ሰሌዳ ስለ ደበዘዘ ስሙን ለማንበብ የሚደክም የለም፤ ቤቱን የሚያውቅ ሰው ሰሌዳ አያስፈልገውም፤ የማያውቀውም ወደዚያ ጠባብ መንገድ አይገባም። ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ ሥጋ አብስሎ አያውቅም። በጾሙም በፍስኩም ወራት የሚቀርብበት ሽሮ፣ ምስር፣ ክክና ጎመን ነው። እንዲህም ሆኖ በፋሲካ ማግስት እንኳ፣ አገር ሁሉ ወደ ሥጋ ቤት በሚሮጥበት ሰሞን፣ መቀመጫ አይገኝበትም ነበር። የእህል ነጋዴው፣ ደላላው፣ ሹፌሩና ሒሳብ ያዡ በአንድ አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይበሉበት ነበር። ብዙ ውልም በዚያ አግዳሚ ላይ ተፈጽሟል፤ በጽሑፍ የሰፈረው ግን ጥቂቱ ነው።

ከእነዚህ ደንበኞች አንዱ ዛሬ የቅባት እህልና ጥራጥሬ ወደ ውጭ አገር የሚልክ ነጋዴ ነው። ሥራውን በጀመረበት ዘመን ቢሮው ከእህል በረንዳው አጠገብ የነበረች አንዲት ክፍል ስለ ነበረች፣ ረቡዕና ዓርብ ምሳውን ከዚያ ቤት ሳይበላ የዋለበት ሳምንት አይታወስም። ኋላ ንግዱ ሲሰፋ ቢሮው ወደ ቦሌ ተዛወረ፤ መንገዱ ራቀ፤ ሥራው በዛ፤ ከአምስት ዓመት የሚበልጥ ጊዜም ሳይመለስ ቀረ። ቢሆንም ስለ ቤቱ ማውራቱን አልተወም። በሌላ ስፍራ ሽሮ ሲቀርብለት ያን ቤት ያነሣል፤ በገዛ ቤቱ ምስር ሲበላም ወይዘሮይቱን እስኪያስቀይም ድረስ ያነጻጽራል። በጋዜጣም በራዲዮም ያልወጣ ማስታወቂያ ለዚያ ቤት ሲናገርለት የኖረ ሰው ነው፤ ዋጋም አልተቀበለበትም።

የዚያን ቤት ሙያ ለማያውቁት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ባለቤቲቱ ደንበኛው ሁሉ «እትዬ» እያለ የሚጠራቸው፣ የሽሮውን እህል በገዛ እጃቸው የሚለቅሙ ሴት ነበሩ። ሽምብራና አተር ሲገዙ ከጆንያው አፍ ያለውን አይተው አይረኩም፤ እጃቸውን እስከ ክንዳቸው አስገብተው ከታች ያለውን ዘግነው ያወጡ ነበር። የእህል በረንዳ ነጋዴዎችም ይህን ስለሚያውቁ ለእርሳቸው ሲሸጡ ጆንያውን አስቀድመው ይገለብጡላቸው ነበር። ሽሮው ከነጭ ሽንኩርት፣ ከበሶብላ፣ ከኮረሪማና ከጥቁር አዝሙድ ጋር ተሰናድቶ ይፈጫል፤ በሸክላ እየተንተከተከ ይቀርባል። ስልጆው ከባቄላ ዱቄትና ከሱፍ ውኃ ይሠራል፤ በስሎ ከቀዘቀዘ በኋላ ሰናፍጭ ይጨመርበታል፤ ቀናት ቆይቶ ሲብላላ አፍንጫ ሰንጎ የሚይዝ ይሆናል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ ምላሳቸው የሰለቸ ሰዎች ለዚያ ስልጆ ሲሉ ከሩቅ ሰፈር በእግራቸው ይመጡ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ዘይቱ ነበር። የኑግ ዘይት ከቅርብ መጭመቂያ በጀሪካን ይመጣል፤ ቁሌቱ በእርሱ ሲቁላላ መዓዛው ከመንገዱ ማዶ ይሸታል። የታመሰ እህል ጣዕም ያለው፣ ከወጡ ላይ ቢጫ ሆኖ የሚንሳፈፍ ዘይት ነው። በጾም ወጥ ውስጥ ቅቤ የለም፤ የቅቤውን ስፍራ የሚይዘው ዘይቱ ስለ ሆነ፣ ዘይቱ የወደቀ እንደ ሆነ ወጡም ሁሉ አብሮ ይወድቃል።

ባለፈው የነቢያት ጾም፣ ሰሊጡና ኑጉ ከማሳ በሚሰበሰብበትና የውጭ ገዢዎች በሚመላለሱበት ወራት፣ ይኸው ነጋዴ አንድ እንግዳ ተቀበለ። እንግዳው ከሕንድ አገር፣ ከጉጃራት የመጣ የእህል ገዢ ነው፤ በወገኑ ልማድም ሥጋና እንቁላል አይበላም። ለእንዲህ ያለ ሰው በትልልቆቹ ሆቴሎች የሚቀርብለት ቅቅል አትክልት መሆኑን ነጋዴው ስለሚያውቅ፣ ደስ እያለው ወደ መርካቶ ይዞት ሄደ። በመንገድም ሳሉ ስለ ኑግ ዘይት አጫወተው። ኑግ በሕንድም ስለሚበቅል እንግዳው ነገሩን በሚገባ ያውቀዋል፤ «እንግዲያው ዛሬ የእናንተን ከእኛ ጋር አነጻጽራለሁ» አለ።

ቤቱ ታድሶ ቆያቸው። አግዳሚው ተነሥቶ የላስቲክ ወንበር ገብቷል፤ በግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል፤ ይህስ ምንም አይደለም። ትሪው ሲቀርብ ግን ነጋዴው ዓይኑን ማመን አቃተው። በቀድሞው ጊዜ በትሪው ላይ የሚቀርበው ስድስት ዓይነት ነበር፤ አሁን ዐሥራ ሁለት ሆኗል። ቀይ ሥር አለ፤ ድንች አለ፤ ሩዝ አለ፤ በአንድ ጥግ ደግሞ መኮሮኒ ተቆልሏል። (መኮሮኒ በበያይነቱ ላይ የተሾመው በማን አዋጅ እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ቢነግረን መልካም ነበር።) ስልጆው ግን የለም። ሽሮው ቀለሙ ደምቋል፤ እንጀራ ሲነከርበት ግን እንደ ውኃ ይሸሻል። እንጀራውም መልኩ የጤፍ ነው፤ ሲቆርሱት ግን ይፈረፈራል፤ ምን ያህሉ ጤፍ ምን ያህሉ ሌላ እህል እንደ ሆነ የሚያውቀው ያቦካው ሰው ነው።

ቀኑ ብርዳማ ስለ ነበረ ምሳው ተጋምሶ ሲቀዘቅዝ፣ በምስሩ ዳርና በትሪው ከንፈር ላይ ነጭ ስብ ረጋ። የኑግ ዘይት በአዲስ አበባ ብርድ አይረጋም። ዕድሜውን በቅባት እህል የፈጀ ሰው ይህን ሲያይ ሌላ ነጋሪ አያስፈልገውም፤ ዘይቱ ፓልም ነው። እንግዳውም የእህል ሰው ነውና አየ። በጨዋነት ጥቂት ጥቂት ቀመሰና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የነገሩኝ የኑግ ዘይት ይህ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ነጋዴው አንገቱን ደፍቶ «የዛሬው ሌላ ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ ስለ ምግብ አልተነጋገሩም። አሳላፊው ሒሳቡን ሲያመጣ «እንዴት ነበር ጋሼ?» ቢለው፣ ነጋዴው «ተመስገን፤ ጥሩ ነው» ብሎ መለሰለት፤ ጉርሻም ጨመረለት። ሒሳቡ በአካባቢው ካሉት ቤቶች ሁሉ ያነሰ ነበር።

ይህች «ተመስገን፤ ጥሩ ነው» የምትባለው መልስ ልትመረመር ይገባታል። እውነት አልነበረችም፤ ነገር ግን የተነገረችው ከክፋት የተነሣ አይደለም። ጾመኛ በገበታ ላይ አያማርርም። ጾም ለምላስ ደስታ እንዳልተሠራ ከልጅነቱ ጀምሮ ስለ ተማረ፣ ወጡ ቢቀጥን «ጾም አይደል!» ብሎ ይበላል፤ ጨው ቢበዛበትም ውኃ ይጠጣበታል። ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴ፣ ነቢያት፣ ሐዋርያት፣ ፍልሰታና ሌሎቹም አጽዋማት ሲደመሩ ምእመኑ የዓመቱን ግማሽ ያህል ከሥጋና ከቅቤ ይርቃል። ይህን ያህል ቀን እየመጣ ይህን ያህል ዝም የሚል ደንበኛ ያለው ንግድ በዓለም ላይ ብዙ አይገኝም። የምግብ ቤቱ ባለቤትም ዝምታውን ምስጋና አድርጎ ይወስደዋል። በመጀመሪያ ዘይቱን በጥቂቱ ይቀንሳል፤ የተናገረ የለም። ቀጥሎ ዱቄቱን ይለውጣል፤ አሁንም የተናገረ የለም። በሦስተኛው ስልጆውን ይተዋል፤ አንድ ሽማግሌ «ዛሬ ስልጆ የለም እንዴ?» ብለው ይጠይቁና «አልቋል» ሲባሉ ዝም ይላሉ። ዝም ያሉት ሽማግሌ በሚቀጥለው ዓርብ አይመጡም፤ በመንገድ ላይ ቢጠየቁም «መንገዱ ራቀኝ» ይላሉ እንጂ ወጡ ቀጠነ አይሉም።

ላኪዎች ይህን ነገር ከሌላ ወገን ያውቁታል። ሰሊጥ የሚሸጥ ነጋዴ አስቀድሞ ናሙና ይልካል፤ ገዢው ናሙናውን መርምሮ ይዋዋላል፤ የተጫነው እህል ከናሙናው ያነሰ እንደ ሆነ ዋጋው ይቀነሳል፤ ያለዚያም ዕቃው ይመለሳል፤ ነገሩ ከከፋም ወደ ሽምግልና ወይም ወደ ዳኛ ይሄዳል። በ2000 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም እህሉን በደረጃ ለይቶ የሚያሻሽጠው ገዢና ሻጭ ስለ አንድ ዓይነት ዕቃ እንዲነጋገሩ ነው። የምግብ ቤት ደንበኛም ናሙና አለው፤ ናሙናውን ግን በምላሱ ይዞት ይዞራል እንጂ በመዝገብ ቤት አያስቀምጠውም። ከናሙናው ያነሰ ሲቀርብለት የሚከስስበት ሸንጎ የለም፤ ያለው እግሩ ብቻ ነው።

ነጋዴው ነገሩ ሲከነክነው ሰንብቶ በሳምንቱ ብቻውን ተመልሶ ሄደ። እትዬ አርፈዋል፤ ቤቱን የያዘችው ልጃቸው ናት። ሕፃን ሳለች ከአግዳሚው ሥር ስትጫወት የሚያውቃት ስለ ሆነች፣ ባየችው ጊዜ «ጋሼ!» ብላ ተነሥታ ተቀበለችው። ለእናትዋ ሐዘን ዘግይቶም ቢሆን አጽናናት፤ ከዚያም ነገሩን በዘወርዋራ ሊያነሣ ሲሞክር እርሷ ቀደመችው።

«ዘይቱን አይተውታል» አለች። «ጋሼ፣ የኑግ ዘይት በዛሬው ዋጋ እየገዛሁ ልሥራ ብል በወሩ መጨረሻ በሩን መዝጋቴ ነው። ዋጋ ልጨምር ብል ደግሞ ይሄ ሁሉ የቀን ሠራተኛ የት ገብቶ ይበላል? አተሩም፣ ሽንኩርቱም፣ ኪራዩም አልጠበቀኝም። ምን ልቀንስ? የማይታየውን ቀነስኩ።» ጥቂት ዝም ካለች በኋላም፣ «ደግሞስ ኑጉ የታለና ነው? እናንተ አይደላችሁ የምትልኩት?» አለችው።

ነጋዴው ለዚህ ጥያቄ የሚመልሰው አጣ።

የልጅቱ ጥያቄ የቁጣ ቢመስልም መሠረት አለው። በጎጃም፣ በወለጋና በሸዋ ከሚመረተው ኑግ ተለይቶ ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ የሚጫነው የሚሸጠው ለሰው ምግብ አይደለም፤ በየግቢው ለሚንጠለጠል የወፍ መመገቢያ ነው። ወደ አሜሪካ የሚገባው ኑግ ከእርሱ ጋር ተደባልቆ የሚሄደው የጥገኛ አረም ዘር በዚያ አገር እንዳይበቅል በሙቀት እንዲታከም የአገሩ ሕግ ያዛል። እንግዲህ የጎጃም ኑግ ለአሜሪካ ወፍ ሲሆን፣ ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ የሚመጣው ፓልም ለመርካቶ ጾመኛ ይሆናል ማለት ነው። ወፎቹ በዚህ ንግድ አልከሰሩም።

ይህን መናገር ግን ላኪውን ለመውቀስ አይደለም። መድኃኒቱም ነዳጁም የሚገዛው ላኪ ባመጣው የውጭ ምንዛሪ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህም የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፣ ለላኪው ኑጉን መላክ በብር ሲታሰብ ይበልጥ ያዋጣል፤ በአንጻሩም ከውጭ የሚገባው ሁሉ ተወዷል። አስመጪውም በበኩሉ ፓልሙን ያመጣው በአገር ውስጥ የሚጨመቀው ዘይት ሕዝቡን ስለማይበቃ ነው። ለብዙ ዓመታት ፓልም ከቀረጥ ነፃ እየገባ በተወሰነ ዋጋ በሸማቾች ማኅበራት በኩል ሲከፋፈል ስለ ነበረ፣ ትንንሾቹ የኑግ መጭመቂያዎች በዋጋ ሊወዳደሩት አልቻሉም። በ2013 ዓ.ም. በቡሬ እንደ ተመረቀው ያሉ ትልልቅ ፋብሪካዎች ሲቋቋሙ ተስፋው ብዙ ነበር፤ ፋብሪካ ግን የሚጨመቅ እህል ይፈልጋል፤ እህሉም ከገበሬው እጅ ሲወጣ ወደ መጭመቂያም ወደ ወደብም የሚወስድ መንገድ ይጠብቀዋል። በዚህ መካከል ያለች አንዲት የምግብ ቤት ባለቤት የዓለምን ገበያ ልታቀና አትችልም።

ችግሯ እውነተኛ ነው፤ ችግሩን የተወጣችበት መንገድ ግን ትክክል አይደለም። የማይታየውን ቀነስኩ ብላለች፤ የሚታየውን ማብዛቷን ግን አላነሣችም። ያ ሁሉ ቀይ ሥርና መኮሮኒ በነፃ አልመጣም። ለስድስቱ ተጨማሪ ዓይነቶች የወጣው ገንዘብ፣ ጉልበትና ጋዝ ለሽሮው ቢውል ኖሮ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ባይመልሰው እንኳ ስልጆውን በመለሰው ነበር፤ ስልጆ ባቄላና ሱፍ ሰናፍጭም እንጂ ዶላር አይፈልግም። ትሪውን በዓይነት ብዛት መሙላት ጎደሎውን ለመሸፈን የተገኘ ዘዴ ነው፤ ይህም ዘዴ የሚያታልለው ቤቱን ከዚህ በፊት ያላየውን ሰው ብቻ ነው። ያን ቤት ያቆመው ደግሞ ከዚህ በፊት ያየው ሰው ነበር።

ባለሱቅ ይህን ነገር በቀላሉ ይረዳዋል። በአንድ መደርደሪያ ላይ የኑግ ዘይትና የፓልም ዘይት ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ ሁለቱም በየስማቸውና በየዋጋቸው ይሸጣሉ፤ ድኻውም ባለጸጋውም እንደ አቅሙ ያነሣል፤ የተበደለ የለም። በምግብ ቤትም ቢሆን «ይህ በኑግ ነው፤ ዋጋው ይህን ያህል ነው፤ ያኛው በሌላ ዘይት ነው፤ ዋጋው ይቀንሳል» ተብሎ ቢነገር የሚያሳፍር ነገር አልነበረውም። የቀን ሠራተኛው በርካሹ ይበላል፤ እንግዳ ይዞ የመጣው ነጋዴ በውዱ ይጋብዛል። በደሉ የሚጀምረው ስሙና ዋጋው እንደ ነበረ ሆኖ ዕቃው ከሥሩ ሲለወጥ ነው። ሳሙናው በዚያው መጠቅለያ ሆኖ ቁመቱ ያጠረበት፣ ብስኩቱ በዚያው ካርቶን ሆኖ ከውስጡ ያነሰበት፣ አቡጀዲው በዚያው ማርክ መጥቶ ክሩ የሳሳበት ነጋዴ ሁሉ ይህን ሥራ በየበኩሉ ያውቀዋል። አብዛኛው «ዋጋ ብጨምር ደንበኛ ይሸሸኛል» ብሎ ያደረገው ነው። ዋጋ የተጨመረበት ደንበኛ ግን ይጮኻል፤ ይከራከራል፤ «ትንሽ ቀንሱልን» ይላል፤ በመጨረሻም ብዙውን ጊዜ ይከፍላል። ዕቃው የቀጠነበት ደንበኛ ምንም ሳይል ነው የሚወጣው። ከሁለቱ የሚሻለው የሚጮኸው ነው፤ ቢያንስ የት እንዳለ ይታወቃል።

በርግጥ እንዲህ ያለውን ምክር ከቢሮ ሆኖ መስጠት ቀላል ነው። የጾም ቤቱ ዛሬም በረቡዕና በዓርብ ይሞላል፤ ልጅቱም ሠራተኞቿን ትከፍላለች፤ ማንም ወንጀለኛ ሊላት አይገባም። እናቷ በሕይወት ቢኖሩ በዛሬው የኑግ ዋጋ ምን ያደርጉ እንደ ነበረ የሚያውቅ የለም። ምናልባት እርሳቸውም እጃቸውን ከጆንያው ሥር ማግባቱን ትተው ከአፉ ላይ ይዘግኑ ነበር። ነገር ግን በዚያ አግዳሚ ላይ የተቀመጡት ነጋዴዎች ለዚያ ቤት የነበራቸው እምነት በእርሳቸው እጅ የቆመ መሆኑን ያውቁ ነበር፤ ይህንንም የሚያውቅ ባለቤት ዘይቱን ሲለውጥ ቢያንስ ይናገራል።

የሕንዱ ገዢ ሰሊጡን ገዝቶ ወደ አገሩ ተመልሷል። ቀድሞ በናሙና ብቻ ይዋዋል የነበረው ሰው በዚህ ዓመት ግን እህሉ ሲጫን በገለልተኛ መርማሪ እንዲታይ የሚል አንድ አንቀጽ በውሉ ውስጥ አስገብቷል። የምርመራውም ወጪ በሻጩ ላይ ወድቋል። አንቀጹን አስቀድሞ አስቦት የመጣ ይሁን ወይም ከምሳው በኋላ የመጣለት ይሁን አልተናገረም፤ ነጋዴውም አልጠየቀውም።

ልጅቱ በበኩሏ ነጋዴውን እስከ በሩ ድረስ ሸኘችው። «ለእርስዎ ሲሆን እንደ ድሮው በኑግ አሠራልዎታለሁ፤ ስልጆም አስቀምጥልዎታለሁ፤ ብቻ ከመምጣትዎ በፊት ይደውሉልኝ» ብላ የስልክ ቁጥሯን በሒሳብ ወረቀት ጀርባ ጽፋ ሰጠችው። ወረቀቱን አጣጥፎ በኪሱ ከተተው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ረቡዕና ብዙ ዓርብ አልፏል፤ እርሱም አልደወለም።